ቲማቲሙ ለምን ጠወለገ? ስለ ፈንገስ አጠውልግ በሽታ ከደሴና ከኮምቦልቻ አትክልት አምራቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመስኖው ቲማቲም አበባ ጥሎ ፍሬ መቋጠር ሲጀምር ከቦርከና ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ወሬ መምጣት ይጀምራል፦ «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ራሱን ደፋ።» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለቴ ከረጨ በኋላ ነው የሚጠይቀው። ከዚህ በታች ያሉት ከኮምቦልቻ፣ ከሀርቡ፣ ከደሴ ዙሪያና ከኩታበር በኩል ደጋግመው የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ላይ ቢላ ደጋግሜ አነሳለሁ፤ የዚህ በሽታ ምስክር ያለው ግንዱ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ቲማቲሙ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ተመልሶ ይነሳል። ውሃ ጎድሎት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጣራውም እሱ ነው። ከተክሉ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ደርቆ ከተበተነ አጠጡና ማግስቱን እዩ። የጠማው ተክል ጠጥቶ ካደረ ጠዋት ቀጥ ብሎ ይጠብቃችኋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ እንደ ተጠማ ራሱን ከደፋ ግን ውሃው ከሥሩ አጠገብ አለ፣ ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ከአፈር ተነስቶ በሥር በኩል ይገባና ውሃ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይራባል። ተክሉም ራሱን ለመከላከል ቧንቧውን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍናል። በፈንገሱና በራሱ መከላከያ መሃል ሆኖ በውሃ ጥም ይሞታል። ለዚህ ነው ጠባዩ ከውሃ እጥረት ጋር የሚመሳሰለው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፀሐይ ይዝላል፣ በምሽቱ ቅዝቃዜ ይነሳል፣ ከቆየ በኋላ ግን ማታም አይነሳም።

ሌላው መለያ የማሳው መልክ ነው። ውሃ ከጎደለ ማሳው ባንድ ላይ ይዝላል፣ ወይም ከፍ ብሎ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ይቀድማል። በሽታ ከሆነ አንዱ ደርቆ ጎረቤቱ ለምልሞ ይታያል፤ የደረቁትን ብትከተሏቸው ብዙ ጊዜ ቦይ ለቦይ ይሄዳሉ።

እኔም ተሳስቻለሁ። ከሀርቡ ወጣ ብሎ ያለ ማሳ ላይ፣ ከመንገድ ዳር ሆኜ አየሁና «ውሃ ጨምሩለት» ብዬ አለፍኩ። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ መስመሩ ግማሽ በግማሽ ደርቋል። ባለቤቱ አዛውንት «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ዳር ሆኜ መልስ አልሰጥም።

ቢጫነቱ ከየት ይጀምራል?

ከታች፣ ካረጁት ቅጠሎች። ትልቁ ምልክት ግን ጎደሎነቱ ነው። የተክሉ አንድ ጎን ቢጫ ሆኖ ሌላው ጎን ምንም እንዳልሆነ ይቆያል፤ አንዳንዴ አንዱ ቅጠል ራሱ ከመሃል አጥንቱ ወዲህ ቢጫ፣ ወዲያ አረንጓዴ ይሆናል። ፈንገሱ የያዘው የአንዱን ወገን ቧንቧ ስለሆነ ነው። ማዳበሪያ ያጠረው ተክልም ከታች ቢጫ ይሆናል፤ እሱ ግን ግራ ቀኙ እኩል ነው፣ አይጠወልግምም።

ቨርቲሲሊየም የሚባለው ሌላው ፈንገስ ቅጠሉ ላይ የሚተወው ቅርጽ ለየት ይላል፦ ከቅጠሉ ጠርዝ ሰፍቶ ተነስቶ ወደ መሃል እየጠበበ የሚገባ፣ ሽብልቅ የመሰለ ቢጫ። መሃሉ ቆይቶ ይደርቃል።

ግንዱን ሰንጥቁ ትላላችሁ። ምን ዓይነት ተክል ልምረጥ? ምንስ ነው የማየው?

የሞተውን አትምረጡ። የሞተ ግንድ በምንም ይሙት በምን ውስጡ ቡናማ ነው፤ ምስክርነቱ አይታመንም። መጠውለግ ከጀመረ ጥቂት ቀን የሆነውን፣ ግማሽ ጎኑ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፈልጉ። ጎትታችሁ አትንቀሉት፣ ሥሩ ተቆርጦ ይቀርባችኋል፤ ዙሪያውን ቆፍራችሁ አውጡና ሥሩን በውሃ እጠቡት። ከአጠገቡ አንድ ጤነኛ ተክልም አውጡ። ባለማሳው ይህችን አንድ ተክል ይሰስታል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጤነኛውን ጎን ለጎን ሳያዩ የታመመውን መፍረድ ከባድ ነው።

ከዚያ ከአፈሩ ወለል አራት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ ግንዱን በስለታም ቢላ በቁመቱ ሰንጥቁት። ጤነኛው ውስጡ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ፉዛሪየም በያዘው ላይ ከልጣጩ ሥር ቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ፤ በአግድም ከቆረጣችሁት ያው መስመር ቀለበት ይሆናል። መሃል ያለው ለስላሳ ክፍል ግን ነጭነቱን አይለቅም። መስመሩ ሩቅ ይሄዳል። ቢጫውን ቅጠል ከግንዱ ላይ ሰብራችሁ ብታዩ የተሰበረበት ቦታ ላይ እንኳ ቡናማ ነጠብጣብ ልታገኙ ትችላላችሁ።

የቨርቲሲሊየም መስመር ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ገለባ ቀለም የሚያደላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከታችኛው የግንዱ ክፍል ብዙ አይርቅም። እንዲህ ስላልኩ ሁለቱን በዓይን ለይቼ ጨረስኩ እንዳትሉ፤ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው። ቢላችሁ የሚነግራችሁ «ቧንቧው ታሟል ወይስ አልታመመም» የሚለውን ነው፣ ለዛሬው ውሳኔ እሱ ይበቃል። ስትጨርሱ ቢላውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት።

ባክቴሪያም ያጠወልጋል ይባላል። በምን እለየዋለሁ?

በፍጥነቱና በብርጭቆ ውሃ። ባክቴሪያው ያጠወለገው ተክል ቢጫ ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወድቃል። የፈንገሱ ሳምንታት ይፈጃል።

ከታመመው ተክል ግርጌ አንድ ጣት የሚያህል ግንድ በንጹህ ቢላ ቁረጡ። ንጹህ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ ነከር አድርጋችሁ፣ ሳታነቃንቁ በክር አንጠልጥላችሁ ወይም በእጅ ይዛችሁ ጠብቁ። በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር እየተጎተተ ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረና ግንዱ ውስጥ ቡናማው መስመር ካለ ወደ ፈንገስ አድሉ። በሽታው ገና ሲጀምር የባክቴሪያው ክር ላይታይ ስለሚችል በሁለት ሦስት ተክል ሞክሩት። ብርጭቆው የጠራ ይሁን፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ብታደርጉ ደግሞ ክሩ ጎልቶ ይታያል። ይህ ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከዚህ ሁሉ መልስ ውስጥ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህንን ነው የማስይዛችሁ።

ጎረቤቴ «ምች ነው የመታው» ይላል። ምች የሚባል በሽታ አለ?

ምች ብዙ ነገር የሚጠራበት ስም ነው። ድንገት የወደቀ ነገር ሁሉ ምች ነው፤ ስሙ ደግሞ መድኃኒት አይነግራችሁም። ስለዚህ «ምች» ሲባል እኔ ሥሩንና አንገቱን አያለሁ። አንገት የምለው ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን ቦታ ነው።

አንገቱ ተበልቶ ተቆርጦ ከወደቀ ቆራጭ ትል ነው፤ አፈሩን ጫር ጫር ብታደርጉ እዚያው ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። አንገቱ ዙሪያ ነጭ የጥጥ ክር የመሰለ ነገር ተጠምጥሞ፣ በላዩ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ ሌላ የአፈር ፈንገስ ነው፤ ይህ ከውጭ ያበሰብሳል እንጂ በቧንቧ አይወጣም። ሥሩ ላይ ሲታሹ የማይለቁ እብጠቶች ከተደረደሩ ኔማቶድ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ትሎች ናቸው። ኔማቶድን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ሥሩን እየበሳ ለፉዛሪየም በር ይከፍታል፣ ሁለቱን ባንድ ተክል ላይ ማግኘትም ብርቅ አይደለም።

በርበሬዬ ከዝናብ በኋላ በአንድ ጊዜ ረገፈ። ይህም ፉዛሪየም ነው?

ውሃ ከተኛበት በኋላ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፋይቶፍቶራን ነው። ፈንገስ ይመስላል፣ ዘሩ ግን ከፈንገስ አይደለም፤ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዘር ያወጣል፣ ስለዚህም የተኛ ውሃ ይመቸዋል። ምልክቱ አንገቱ ላይ ነው፦ ከአፈሩ ወለል ጀምሮ ግንዱን እንደ ቀበቶ የሚዞር ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቁስል፣ ከውጭም የሚታይ። ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይወድቃል።

በርበሬን የሚያጠቃ የራሱ ፉዛሪየምም አለ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ከታች ቅጠል ቢጫነት ይጀምራል፣ ቡናማው መስመር የሚገኘውም ልጣጩን ስትልጡት ውስጥ ነው። ለፋይቶፍቶራ መደቡን ከፍ አድርጎ ውሃው እንዳይተኛ ማድረግ ብዙ ይጠቅማል። ለፉዛሪየም ግን መደብ ማንሳት ብቻውን አያድንም።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትስ?

እዚህ ግንድ የለም፤ የሚታየው ኮረቱ፣ ማለትም የምንበላው ክብ ክፍል ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ሲደርቅ አንዱን ነቅላችሁ ከሥሩ በኩል በቁመት ግመሱት። ሥሮቹ የሚበቅሉበት ጠፍጣፋ ክፍል ቡናማ ሆኖ ከበሰበሰ፣ ሥሮቹም በቀላሉ ከተነቀሉ፣ የሽንኩርት ፉዛሪየም ነው። ከማሳ ደህና መስሎ ወጥቶ መጋዘን ውስጥ የሚበሰብሰውም አንዱ በእሱ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ላይ፣ በተለይ ከደሴ ወደ ኩታበር በኩል ባለው ደጋ፣ ይበልጥ የሚያስፈራው ነጭ አበስብስ የሚባለው ነው። ኮረቱ ግርጌ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በውስጡም ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ታያላችሁ። እነዚያ ጥቁር ፍሬዎች አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ከታመመ ማሳ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት መውሰድ በሽታውን በገዛ ጆንያ ተሸክሞ እንደመግባት ነው። እዚህ ላይ ልመናዬን አጠነክራለሁ፦ ገበያ ላይ የተገዛ ነጭ ሽንኩርት ርካሽ ሆነ ብላችሁ ግርጌውን ሳታዩ አትትከሉ።

ጥቅል ጎመንስ?

ጎመንም የራሱ ፉዛሪየም አለው፤ አንድ ወገኑ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ወደዚያው ይጎብጣል። ከጥቁር አበስብስ ጋር አታምታቱት፤ ያኛው ባክቴሪያ ነው፣ ከቅጠሉ ጠርዝ ይጀምራል፣ የቅጠሉን ሥሮች ጥቁር ያደርጋል።

ደሴ ያለው ጓሮዬ ደህና ሆኖ ኮምቦልቻ ያለው ማሳ ለምን ይታመማል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት የምታወልቁበት ምክንያት ነው። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የቲማቲም ፉዛሪየም የሚመቸው የአፈር ሙቀት 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከኮምቦልቻ ወደ ሀርቡ በወረዳችሁ መጠን እሱን ጠርጥሩ። ቨርቲሲሊየም ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይወዳል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ነጭ አበስብስም እንደዚያው። ደጋው ከፉዛሪየም በተሻለ ያመልጣል፤ ከሁሉም ግን አያመልጥም።

ሪዶሚልም ማንኮዜብም ረጨሁ። ለምን አልዳነም?

ምክንያቱም ቅጠሉን ነው የረጫችሁት። ማንኮዜብ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ከውጭ የሚመጣውን ይከላከላል፤ ሥር ውስጥ ገብቶ ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠውን አያገኘውም። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ወደ ተክሉ የሚዘልቅ መድኃኒት ደግሞ የተሠራው ለፋይቶፍቶራና ለዘመዶቹ ነው፤ ፉዛሪየምን አይነካውም። የቲማቲም ቅጠል በበሽታ ሲቃጠል መድኃኒቱ ሠራ ማለት ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። አንዴ ግንዱ ውስጥ የገባ የፈንገስ አጠውልግን ማሳ ላይ የሚያድን መርጫ የለም። ሱቅ ውስጥ «ይሄ ያድነዋል» ካሏችሁ ስሙን ጽፋችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አሳዩት፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት።

ዩሪያ ጨምሬ አበረታዋለሁ ብላችሁም አትሞክሩ። ዩሪያ የበዛበት፣ ቅጠሉ የለሰለሰ ተክል ለፉዛሪየም ይብሳል።

ኖራ ወይም አመድ ብነሰንስስ?

ፉዛሪየም አሲዳማ አፈር ይስማማዋል፤ የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ (ፒኤች) ወደ 6.5 እና 7 ሲጠጋ ጉልበቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ኖራ ጎጃም ላይ ስለጠቀመ እዚህም ይጠቅማል ማለት አይቻልም። የአፈራችሁ አሲድነት ሳይለካ ኖራ አታፍሱ። አመዱ ለጓሮ መደብ ክፋት የለውም፣ በሽታውን ግን አያወጣም።

ከየት መጣብኝ? ዘንድሮ ነው ያየሁት።

ዘንድሮ ታየ እንጂ ምናልባት ቀደም ብሎ ነበር። የሚገባበት በር ብዙ ነው፤ አንደኛው የተገዛ ችግኝ ነው። ችግኙ ሲመጣ ሥሩ ላይ ያለው አፈርም አብሮ ይመጣል፣ የማንን ማሳ አፈር እንደሆነ ማን ያውቃል? ከታመመ ማሳ ፍሬ የወጣ ዘር ሌላው ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ዶማ፣ ለኪራይ የገባ ትራክተር፣ ከላይ ማሳ አፈር ይዞ የሚወርድ የመስኖ ውሃም አለ። በቦይ የምታጠጡ ከሆነ የታመመው ቦታ በመጨረሻ ውሃ እንዲያገኝ መስመሩን ቀይሩ፤ ከእሱ የወጣ ውሃ ወደ ጤነኛው አይለፍ።

የነቀልኩትን ምን ላድርገው?

ከነሥሩ አውጥታችሁ አድርቃችሁ አቃጥሉት። ኮምፖስት ውስጥ አይግባ፤ የጓሮ ኮምፖስት ፈንገሱን የሚገድል ሙቀት ላይ እምብዛም አይደርስም። ቦይ ወይም ወንዝ ውስጥም አይጣል፣ ከታች ያለው ባለማሳ የዚያኑ ውሃ ነው የሚያጠጣው።

ስንት ዓመት ብጠብቅ ይጠፋል? ምንስ ልዝራበት?

ፉዛሪየም ምግብ ሲያጣ ወፍራም ቅርፊት ያለው የእረፍት ዘር ሠርቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። ቨርቲሲሊየም ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ጥያቄው «እስኪጠፋ» ሳይሆን «እስኪቀንስ» ቢሆን ይሻላል። ለፉዛሪየም ከአምስት ዓመት ያላነሰ ከቲማቲም ማረፍ ይመከራል። ግማሽ ጥማድ መሬት ላለው ሰው ይህ ምክር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ትንሽ እፎይታ የሚሰጥ ነገር ግን አለ፦ ፉዛሪየም ዘመድ ይመርጣል። የቲማቲሙ ሽንኩርት አይነካም፣ የሽንኩርቱም ቲማቲም አይነካም። ስለዚህ ቲማቲም የደረቀበት ላይ ሽንኩርት መትከል ይቻላል። በሽታው ቨርቲሲሊየም ወይም ባክቴሪያው ከሆነ ግን እንዲህ አይመርጥም፤ ሁለቱም ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ድንችና ደበርጃን ሁሉንም ይይዛሉ። ያኔ ወደ ጤፍ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ዞር ማለት ነው። ላቦራቶሪው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ዓመታት ሰብል ይወስናል።

የሚቋቋም ዘር አለ?

አለ፣ ስሙ ላይ ተጽፎ የምናልፈውም አለ። ብዙዎቻችን በምንተክለው ሮማ ቪኤፍ በተባለው የቲማቲም ዘር ስም ላይ «ቪ» የሚለው ለቨርቲሲሊየም፣ «ኤፍ» የሚለው ለፉዛሪየም ነው። ሁሉንም ዓይነት ይቋቋማል ማለት ግን አይደለም፤ ፉዛሪየሙ ራሱ ሦስት ዓይነት አለው፣ ሮማ ቪኤፍ የተዘጋጀው ለመጀመሪያው ነው። ኔማቶድ የበዛበት መሬት ላይም የመቋቋም አቅሙ ይሸረሸራል። «ኤን» የሚል ፊደል የተጨመረበት ዘር ካገኛችሁ ለኔማቶድ ማለት ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት፦ ማሸጊያው ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ስታዩ ፉዛሪየምን ይቋቋማል ማለት አይደለም። ድቅል ዘር ነው፣ የመጀመሪያ ትውልድ ነው ማለት ብቻ ነው። በዚህች ፊደል ምክንያት ውድ ዘር የገዛ ሰው አንድ ሁለት አይደለም።

ፕላስቲክ አልብሶ አፈርን በፀሐይ መግደል ይቻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለችግኝ መደብ እውነት ነው፣ ለሙሉ ማሳ ግን ወጪው አያዋጣም። መደቡን አለስልሳችሁ፣ በደንብ አጠጥታችሁ፣ በቀጭን፣ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ጠርዙን በአፈር ቅበሩ። ጥቁሩ ፕላስቲክ የአሳላፊውን ያህል አያሞቅም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ኮምቦልቻ ላይ ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ይመቻል፤ ደሴ ላይ ሙቀቱ ስለሚያንስ ብዙ አትጠብቁ።

ከታመመው ተክል ፍሬ መብላት ይቻላል?

ፍሬው ደህና ከሆነ ይቻላል፤ ይህ ፈንገስ ሰውን አይዝም። በቅርብ የረጫችሁት ነገር ካለ ግን መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ይለፍ።

ናሙና ወዴት ልውሰድ? እንዴትስ ልያዘው?

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ እፅዋት ጤና ክሊኒክ ማድረስ ይቻላል። ቅጠል ብቻ ቆርጣችሁ አትውሰዱ፣ ሥር የሌለው ናሙና ግማሽ መልስ ነው። መጠውለግ የጀመሩ ሁለት ሦስት ተክሎች ከነሥራቸውና ሥራቸው ላይ ካለ አፈር ጋር፣ አንድ ጤነኛም ጨምራችሁ፣ በጋዜጣ ጠቅልሉ። ፌስታል ውስጥ አታሽጉት፤ በአንድ ቀን ይበሰብስና ላቦራቶሪው የሚያገኘው የብስባሹን ሻጋታ ይሆናል። ባምናና ካቻምና ማሳው ላይ ምን እንደነበር፣ ችግኙ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደረጫችሁ ጻፉበት። የረጫችሁትን አትደብቁ፤ ማንም አይቆጣም። ጠዋት ነቅላችሁ በዚያው ቀን አድርሱት፤ ዓርብ ከሰዓት አታድርጉት፣ ቅዳሜና እሁድ ተቀምጦ ያድራል።